ስሙ የሚጠየቀው ድንጋይ

በወሎ ደጋ፣ ከበሽሎ ገደል አፋፍ ላይ፣ ቆቅ ውሃ የምትባል መንደር አለች። ዛሬ የሚያውቃት ሰው የሚያውቃት በኦፓሏ ነው። ጎበዞቹ ወገባቸውን በገመድ ታስረው ከገደሉ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ጭቃ የመሰለውን ንጣፍ እየፈለፈሉ ይገባሉ፣ ሲቀናቸውም ድንች የሚያህል ድብልብል ድንጋይ ይዘው ይወጣሉ። ድንጋዩ ሲሰበር ሆዱ ውስጥ ቀስተ ደመና ይታያል። ይህስ በሌላም አገር አለ። የቆቅ ውሃን ልዩ የሚያደርገው ግን አንዳንዱ ድንጋይ ተክል የመሰለ ነገር በውስጡ ይዞ መገኘቱ ነው፤ ቀጭን፣ ቅርንጫፍ ያለው፣ አንዳንዱ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ቡናማ፣ ትናንት ከማሳ ዳር ተነቅሎ የገባ የሚመስል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ያገኘ ሰው በቀጥታ ለነጋዴ አያወጣውም፤ ምን ተክል እንደሆነም አይገምትም። ውሃ ውስጥ ይነክረውና አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮ፣ ስለ ሰው እንደሚጠየቀው፣ «ማን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል።

እንግዳ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ስቄያለሁ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን በዚህ አይቆጡም፤ የሳቀውን ሰው አስቀምጠው ያወጉታል። አወጋጋቸው እንደየአፉ ይለያያል፤ አንዱ ነገሩን ከመልአክ ጋር ያገናኘዋል፣ ሌላው እባብ ይጨምርበታል። እኔ መልአኩንም እባቡንም ትቼ ብዙዎቹ የሚስማሙበትን እነግራችኋለሁ።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ የሆነው ማንም ለኦፓል ደንታ ባልነበረው ዘመን፣ ድንጋዩ የልጆች መጫወቻ በነበረበት ጊዜ ነው። በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደነበር ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። ክረምቱ የከዳበት ዓመት እንደነበር ግን ሁሉም ይናገራሉ። ሰኔ አጉረምርሞ አለፈ፣ ሐምሌ አቧራ ይዞ ገባ፣ ነሐሴም እንደ በጋ ወር ፀሐዩን አስጥቶ ዋለ። ከብቱ የቤት ክዳን እየተመዘዘ ተሰጠው። መንደሪቱ የምትጠጣው ምንጭ ጠብታ ሆነችና ውሃ በተራ ይቀዳ ጀመር፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ሰዉ ወርዶ መውጣቱ ቀን የሚፈጅ፣ በሽሎን ያህል ወንዝ ቁልቁል እያየ ከንፈሩ ይሰነጠቅ ነበር።

በዚህ የውሃ ተራ ሰበብ ነው ደም የፈሰሰው። የእመት ትጓደድ ልጅ ይመር የእመት ደብሪቱን የበኩር ልጅ አበጋዝን በዱላ መታው። ሊገድለው አልነበረም ይባላል፤ በአንድ ደቦ የሚያጭዱ፣ በአንድ ገበታ የሚበሉ አብሮ አደጎች ነበሩ። ዱላ ግን ካረፈ በኋላ አይመለስም፤ አበጋዝ ወደቀ፣ አልተነሳም። ይመርም ወደ ገደሉ ሸሸ፤ ዘመድ የሚሸሽገው ሽፍታ ሆነ።

ባሏ ቀድሞ የሞተባት ደብሪቱ አሁን የቀራት አንድ ልጅ ነበር፣ አራጋው የሚባል፣ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ። በአገሩ ደንብ የወንድሙን ደም መመለስ የእሱ ዕዳ ሆነ። የሟች አባት ወንድም አያ ሙላት የራሱን ጦር አምጥቶ ሰጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አራጋው ደጅ ቁጭ ብሎ ጦሩን በድንጋይ ሲስል ይውላል፤ ደብሪቱም እቤት ውስጥ ሆና ያንን ድምፅ ስትሰማ ትውላለች። ልጇ ከገደለ የይመር ወንድሞች ይገድሉታል፤ ካልገደለ ደግሞ ይመር ፈርቶ ቀድሞ ይገድለዋል። በየትም በኩል ብትቆጥረው መጨረሻው እዚያው ነው። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም። የሟች እናት «ዕርቅ እፈልጋለሁ» ብትል ልጇን እንደ ረሳች ይቆጠርባታል፤ ስለዚህ ዝም አለች፣ ዝምታዋንም ሰዉ ለበቀል ቆጠረው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማዝነው ለዚህ ዝምታዋ ነው።

እንዲህ ሳለ አባጋር እንድሪስ መጡ። አባጋር ማለት በወሎ ደም የሚያደርቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ከአባቱ የወረሰውን ቃል የያዘ ሽማግሌ ነው። እንድሪስ ሸምግለው ዓይናቸው የደከመ ሰው ነበሩ፤ በበቅሎ መጥተው በሁለቱ ወገን መካከል ቆሙና «እስከ መስቀል ማንም ማንንም እንዳይነካ!» ብለው ገዘቱ። በመስቀል ማግስት የገዳይ እናት ለምለም ሣር ይዛ ትመጣለች፤ በሟች እናት እጅ ታስይዛታለች። ከተቀበለቻት ደሙ ደረቀ፣ ካልተቀበለቻት ግዝቱ ተነሳ፣ ሁሉም እንደ ጉልበቱ። ሣሩ ግን ለምለም መሆን አለበት። የደረቀ ሣር ይዞ ዕርቅ የሚጠይቅ ሰው ልቡም ደርቆ እንደመጣ ይቆጠራል፤ ደንቡ እንዲህ ነበር።

ደንቡን ያወጡት አባቶች ግን ሰማዩ ጨርሶ የሚደርቅበት ዓመት ይመጣል ብለው አላሰቡም። በቆቅ ውሃ ያን ጊዜ አንዲት ለምለም አልነበረችም። አያ ሙላት ይህን ሲያስብ ደስ አለው። «ሕግ ሕግ ነው። ለምለም ያምጡ፣ ካላመጡም አራጋው ያውቃል» እያለ በየደጁ ዞረ።

ትጓደድ ዘመዶቿን ወደ ረግረጉም፣ ወደ ወንዝ ዳሩም ላከች። የመጣላት ሁሉ በረጅሙ ዳገት ፀሐይ ደርቆ እጅ ላይ የሚፈረፈር ነበር። የመስቀል ዕለት ሰዉ ችቦውን ሲለኩስ እሷ ብቻዋን ገደሉን ወረደች። ድንጋይ ሥር፣ ዋሻ አፍ፣ ውሃ ነበረበት የተባለበትን ሁሉ አየች። ምንም የለም። ጉሮሮዋ ሲደርቅ የዚያ አገር ሰው በጥም ጊዜ የሚያደርገውን አደረገች፤ ከገደሉ የተናደ ነጭ ጠጠር አንስታ ምራቅ እንዲያመጣላት ምላሷ ላይ አኖረች። ጠጠሩ ምላሷ ላይ ጥብቅ አለ። ደንግጣ ልታላቅቀው ብትታገል እምቢ አላት፤ እየመጠመጠችው ጥቂት ሄደች። በኋላ ለቀቀላትና መዳፏ ላይ ተፋችው። እንደ ኖራ ነጭ የነበረው ጠጠር ውሃ መስሏል፤ ውስጡም አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ነገር ቆማለች። ትጓደድ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ከድንጋይ ሆድ አስቀመጥክልኝ፣ ጌታዬ?» አለች ይባላል። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሽቅብ ወጣች።

በማግስቱ ሁለቱ ወገን ከደረቀው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። አባጋር እንድሪስ መሐል ተቀመጡ። ደብሪቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ በስተቀኟ አራጋው ከነጦሩ፣ በስተግራዋ አያ ሙላት። ትጓደድ መሬት ስማ ቀረበችና የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ድንጋዩ ግን በመንገድ ደርቆ ኖሯል፤ የወጣው ያው ነጭ ጠጠር ነው።

በዚያ አገር ይቅርታ የሚለምን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ መቅረቡ ልማድ ነው፤ ጥፋቱ በከበደ ቁጥር ድንጋዩም ይከብዳል። ሰዉ ሁሉ ትጓደድ ይህንኑ ያደረገች መሰለው። ሙላት ብድግ አለ።

«የልጅሽን ጥፋት የሚያህል ድንጋይ ከቆቅ ውሃ ጠፍቶ ነው ይቺን ጠጠር ያመጣሽው? የአበጋዝ ነፍስ ይቺን ታክላለች?»

«ኧረ በገላጋይ!» አለች ትጓደድ። «አባቴ እንድሪስ፣ ውስጡ ለምለም አለ። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይመር ይሙት! ጥቂት ውሃ ብቻ ይፍሰስበት።»

 እያንዳንዱ የዕለት ድርሻውን በቅል ይዞ ነበር፣ ውሃ ሲባል እጁን ቅሉ ላይ አደረገ። የትጓደድ ወንድም የራሱን ሊሰጥ ሲነሳ ሙላት ከለከለው፤ «የእናንተ ውሃ ምን እንደተደገመበት ማን ያውቃል? ቀለም ነክራችሁ አረንጓዴ ነው ብትሉንስ?» አለ። አባጋሩም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ክርክሩ ከክፋት ቢመጣም ውድቅ የሚሆን አልነበረም። «እንግዲያው ከሟች ወገን ውሃ ያለው ይስጥ» አሉ።

«ከኛ ወገን ጠብታ አይወጣም» አለ ሙላት።

ደብሪቱ ከጎኗ ያለውን ቅል አነሳች፣ ውታፉን ነቀለች፣ እንድሪስ ፊት ያለው የእንጨት ዋንጫ ውስጥ ቀዳች። ስትቀዳ ትንሽ ፈሰሰ፣ ሰዉም የፈሰሰውን ተመለከተ። ከዚያ ድንጋዩን ከትጓደድ መዳፍ ላይ አንስታ ውሃው ውስጥ ጣለችው።

«ልየው» አለች። ልጇ ከሞተ ወዲህ በሰው ፊት የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር ይባላል።

ድንጋዩ ውሃ ሲያገኝ አረፋ ሰደደ። «ተነፈሰ!» አለ አንዱ፣ ሌላው አማተበ፣ አንዱ ደግሞ «አላህ ይጠብቀን» አለ። ፀሐይዋ ከወይራው ጫፍ እስክትወርድ ጠበቁ። ቀስ እያለ፣ ቅቤ ሲቀልጥ እንደሚጠራው፣ ድንጋዩ ከዳሩ ጠራ፤ በመጨረሻም መሐሉ ላይ ያቺ ቀጭን አረንጓዴ ነገር ቆማ ታየች።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ ሰው የማያውቀውን ሲያይ ሁሉም አዋቂ ይሆናል። «ሰርዶ ነው» አለ አንዱ። «ምን ሰርዶ! ጦስኝ ነው እንጂ» አለ ሌላው። አንዱ የጤፍ አገዳ አለው፣ አንዱ የምስር ሐረግ። ሙላት ወደ ዋንጫው ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «ምንም ይሁን ምን፣ ሣር ካልሆነ ዕርቅ የለም፤ የተባለው ሣር ነው» አለ። እንድሪስ ዓይናቸው ስለማይለይላቸው ዋንጫውን ወደ ደብሪቱ ገፉት።

«ሣሩን የምትቀበይው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። በአበጋዝ መቃብር ምለሽ ያየሽውን ተናገሪ። ሣር ነው ወይ?»

ደብሪቱ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ስታርም የኖረች ሴት ናት፤ ሣርን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሣር አንጓ አለው፤ ይህ አንጓ የለውም። ሣር ከሥሩ ይፈላል፤ ይህ ከላዩ ይበተናል። ሣር አለመሆኑን ወዲያው አወቀች። «ነው» ብትል በልጇ መቃብር በሐሰት መማሏ ነው፣ የሐሰት መሐላ ደግሞ በቀረው ልጅ ላይ ይወርዳል ተብሎ ይታመናል። «አይደለም» ብትል ግዝቱ ተነሳ፣ አራጋው ጦሩን ይዞ ገደሉን ወረደ። በጎን ዓይኗ አየችው፤ ጦሩን የጨበጠበት እጁ የልጅ እጅ ነበር።

«ሣር አይደለም» አለች።

«ሰማችሁ!» ብሎ ሙላት ተነሳ። ትጓደድ ፊቷን በመሬት ደፋች።

«ተቀመጥ አያ ሙላት፣ አልጨረስኩም።» ደብሪቱ ዋንጫውን በሁለት እጇ አቅፋ ጭኗ ላይ አኖረች። «ሣር አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቀውም፣ የማላውቀውን በልጄ መቃብር አልምልበትም። ግን እዩት! ይኼ ተቀብሮ ኖሯል፣ አልበሰበሰም። ልጄን የሰጠነው አፈር እየበላብኝ ነው፣ ይሄንን ግን አልበላም። ሁላችሁ ስም ስታወጡለት ዋላችሁ፣ ሰርዶ፣ ጦስኝ አላችሁት። እኔ አበጋዝ ብየዋለሁ። አበጋዝ ነው ስሙ። እቤቴ ይዤው እሄዳለሁ።»

 ወደ አራጋው ዞረች።

«አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም። የአጎትህን ጦር መልስለት።»

አራጋው ጦሩን እንደ ሰው ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው፣ ከዚያም እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ወንድሙን ያን ጊዜ ገና ማልቀሱ ነበር። ሙላትም ጦሩን አንስቶ ተቀመጠ። አባጋር እንድሪስም፣ «ደንቡ የሚለው እናት ትቀበል ነው። እናት ተቀብላለች፣ በራሷም ውሃ» አሉና ደሙን አደረቁ። ይመር ከገደል ተጠርቶ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀረበ። ደብሪቱ ፊቱን አላየችውም፤ ድንጋዩን ግን ከትከሻው አወረደችለት ይባላል።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ግን ልማዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው ይላሉ፣ እኔም የምወደው ይህንኑ ነው።

ደብሪቱ ድንጋዩን በዋንጫው እንዳለ ከራስጌዋ አስቀመጠችው። ድርቅ ነውና ውሃው በጥቂት ቀን ተነነ፣ ድንጋዩም ነጥቶ ውስጡ የነበረው ጠፋ። ልጇ ሁለተኛ የሞተባት መሰላት። ነጠላዋን ሳትደርብ እየሮጠች የሄደችው ወደ ዘመድ አልነበረም፤ ወደ ትጓደድ ቤት ነው። «ጠፋብኝ! አምጪልኝ!» ብላ ደጇ ላይ ወደቀች። ትጓደድም ለቤቷ የቀዳችውን የዕለት ውሃ አንስታ ተከትላት መጣች። ዋንጫው ላይ አፍስሳ፣ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ድንጋዩ እስኪጠራ ጠበቁ። ሲጠራ ደብሪቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ትጓደድ ቅሏን ይዛ ወጣች፣ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ከዚያ በኋላ ትጓደድ ውሃ ይዛ መመላለሷን አላቋረጠችም። ዝናቡ ከመጣ፣ ምንጩም ከሞላ በኋላ ቢሆን ደብሪቱ ዋንጫውን በራሷ ውሃ ሞልታው አታውቅም፤ እስክትመጣ ትጠብቃታለች። ሲቆዩ ሲቆዩ ወሬ ጀመሩ። የጀመሩትም በክርክር ነው ይባላል።

«እቴ ደብሬ፣ እኔ እኮ ይሄ ጦስኝ ይመስለኛል» አለች ትጓደድ አንድ ቀን።

«ወዲያ! የጦስኝ ቅጠል እንዲህ ነው? ሥር ነው ይሄ፣ የወይራ ሥር።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የወይራ ሥር አረንጓዴ የሚሆነው?»

«ዓይንሽን ታከሚ አንቺ ሴት።»

በዚህ ሲጨቃጨቁ አረጁ። በደጃፉ ጎረቤት ሲያልፍ የሁለቱን ጭቅጭቅ እየሰማ ይስቅ ነበር ይባላል። ነገር ግን ሌላ ሰው ገብቶ «ምን ተክል ነው?» ቢላቸው ሁለቱም በአንድ አፍ «አበጋዝ ነው» ይላሉ። ደብሪቱ ሞታ ስትቀበር ድንጋዩን እጇ ውስጥ ያስያዘቻት ትጓደድ ናት የሚሉ አሉ፤ ይመር ገደል ወስዶ በነበረበት ቦታ መለሰው የሚሉም አሉ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን በቆቅ ውሃ ተክል የያዘ ድንጋይ ያገኘ ሁሉ መጀመሪያ ስሙን ይጠይቃል። ከተጠየቁት መካከል ሟች ያለው ሰው የሟቹን ስም ይጠራል፣ ድንጋዩም ያለ ዋጋ የእሱ ይሆናል። ስም የሚሰጠው ከጠፋ ብቻ ነጋዴ ይወስደዋል።

በቅርቡ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ወጣት ሴት መጥታ ነበር፣ ሰላማዊት የምትባል፣ የከርሰ ምድር አጥኚ። ድንጋይ ውስጥ ያለው ነገር እውነት ተክል ነው ወይስ ተክል የመሰለ ማዕድን ነው የሚለውን ለመለየት ነው የመጣችው። ቆፋሪዎቹ ወደዷት፤ በገመድ ከእነሱ ጋር ወርዳለች፣ የሰጧትን ቆሎ በልታለች። ባለ መብራት ማጉያዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ የምታየውን ለእነሱም ታሳያቸዋለች፤ አንዱን ማዕድን ነው፣ አንዱን የዛፍ ሥር ነው፣ እሳተ ገሞራ አመድ የቀበረው፣ ብላ ስታስረዳ በደንብ አዳመጧት። የደብሪቱን «የወይራ ሥር» ግምት ስትሰማም ደስ ብሏት ሳቀች።

ልትሄድ በተሰናዳችበት ዕለት ቆፋሪዎቹ አዲስ ድንጋይ አወጡ። ውስጡ ያለው እንዲህ ያማረ ታይቶ አያውቅም፤ ከነጭራሮው ሙሉ ነው። ያወጣው ሰው ውሃ ውስጥ ነክሮ አጠራውና ለእሷ አቀበላት። እሷም እንደልማዷ ማጉያዋን ልታወጣ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች።

«ማን ይባላል?» አላት።

እጇ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ድንጋዩን አየችው። ቆፋሪዎቹም አላቻኮሏት።

«ናሆም» አለች በመጨረሻ። «ወንድሜ ነው።»

ሰውዬው ሌላ አልጠየቃትም። ጎንበስ ብሎ የሚጠጣበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አነሳ፣ አፉን በቢላዋ አሰፋው፣ ናሆምን ከነውሃው አስገብቶ ሰጣት።

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ እንዳይደርቅብሽ» አላት።